ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ

ሠላሳ ሰባት ፖስት ካርድ፣ አንዲት ብጣሽ ወረቀት፣
በጎማ ታስረው ኖሩ፣ በመምህር አራጌ ቤት።
ልጃቸው አመጣችልኝ፤ «አንቺ ቼዝ ታውቂያለሽ፣
ምን እንደሚሉ አንብቢልኝ፣ መቼስ ጊዜ አለሽ።»

ጊዜስ አለኝ።
ሆጤ፣ ከመስኮቴ ሥር፣ ሰሌዳዬን ዘረጋሁ፣
ጦሳ ጉም ሲከናነብ ካርዶቹን በቀን ደረደርሁ።

ነጩ ድሬሰር ሙሄ ይማም፣ የወልድያ ጤና ጣቢያ፤
ጥቁሩ መምህር አራጌ፣ ቤቱ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ።
አግድሙን በፊደል ጠሩት፦ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ፤
ቁመቱን በግእዝ ቁጥር፤ ይህን ስፈታ መሸ።

እርምጃ አንድ። ወታደር፣ ሠ ፬።
ሙሄ በር አያንኳኳም፤ ከፍቶ ነው የሚገባ።
እርምጃ ዘጠኝ። ንግሥቲቱን ያለ ጊዜዋ አወጣት፤
ጥግ ላይ «ቆቦ ወባ ገባ፣ አልተኛሁም» የሚል አለበት።
በጾሙ ወር ግን እጁ ይረጋል፤ ዐሥራ አራት ላይ ቀስ ብሎ
ፈረሱን ረ ፫ አቆመው፣ እንዳልሰማ ጆሮውን ጥሎ።

ከዚያ ክረምት። ውርጌሳ ላይ መንገዱ በጎርፍ ተቆረጠ፣
ፖስታው ቆመ፤ ሙሄ ስልክ ቤት ሄዶ እርምጃውን ሰጠ፦
«ፈረስ። ሰ። አምስት።»
ብጣሿ ወረቀት ይቺ ናት።
የእጅ ጽሕፈቱ የኔ ነው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ደሴ ቴሌ፣ የማታ ፈረቃ፣
ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ፣ መስመሩ እንደ ብራና ሲንቋቋ።
ቼዝ አላውቅም። የሚስጥር ቃል መስሎኝ ልቤ ደነገጠ፤
«ይድገሙልኝ» ማለት ፈራሁ፤ ቀጥ ብዬ ጻፍኩት እንደመጣ፣
እሳቱን ሰ። «የትኛው ሰ?» ብሎ በዚያ ዘመን ማን ጠይቆ ያውቃል?
ንጉሡና እሳቱ በዓይን እንጂ በጆሮ አንድ ሆነው ይኖራሉ።

ፈረስ ከረ ፫ ሲዘል ሁለቱም ቤት ይመቸዋል፤
ንጉሡ ሠ ላይ ቢወርድ ጥቁሩን ያስጨንቀዋል፣
እሳቱ ሰ ላይ ቢወርድ ተራ ወታደር ይበላዋል።

በላው።

እርምጃ ሃያ። ሙሄ ያኔ ሳይገባው አይቀርም፤
መልሶ ግን አልደወለም፣ ካርዱ ላይ ወቀሳ የለም።
ሊጽፍ ጀምሮ የሰረዘው አንድ መስመር ብቻ አለ፤
ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት፣
አገላበጥኩት፦
«ያቺ የስልክ ቤት ል» ይላል፤ ከዚያ ቀለሙ ጠቁሯል፤
ከሥሩ «ግንብ፣ መ ፩»። ጨዋታው ይቀጥላል።

ፈረስ ጎድሎት ዐሥራ ስምንት እርምጃ ታገለ።
በመጨረሻው ካርድ «ንጉሤን አስተኛሁ፤
ለልጆቹ ከረሜላ ግዛልኝ» አለ።
መምህር አራጌ ያችን ፈረስ ፒያሳ ሲያወሩ ኖሩ፤
እኔም ሰምቼ ስቄያለሁ፣
ከእጄ እንደወጣች ሳላውቅ፣ ከዳር ቆሜ፣ ከነሱጋ።

ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። የሞተውን ፈረስ ከሣጥኑ አነሳሁት፣
መዳፌ ውስጥ ጥቂት አቆየሁት፣
ንጉሡ ሠ ላይ አስቀመጥኩት።
ሙሄ ያሸንፋል ብዬ ነበር። አያሸንፍም።
ሃያ ሦስት ላይ አራጌ ግንቡን ሐ ፰ ካመጣ፣
አቻ ነው የሚወጣ።
ምናልባት። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።

ልጅቷ ነገ ትመጣለች። «አባቴ ጎበዝ ነበር?» ትለኛለች።
ጎበዝ ነበር እላታለሁ፤ ውሸትም አይደለ።

ጨዋታ ሲተነተን፣ ለተሳሳተ እርምጃ
ከጎኑ የጥያቄ ምልክት ይደረጋል፤ ወጉ ነው።
የማን ስህተት እንደሆነ ግን ማንም አይጽፍም።
ብጣሿ ላይ፣ ዐሥራ ዘጠኝ አጠገብ፣ ምልክቱን አደረግሁ፤
ከጎኑ፣ በእርሳስ፣ አሳንሼ፣ ስሜን።
ስሜ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፦
ሠናይት።